የመንገድ ወሰንና የነጋዴ ሱቅ
ስለ ከተማ ፕላንና ስለ ሕንፃ ሥራ ቁጥጥር ለቢቸናና ለሞጣ ነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

ነጋዴ ከሸቀጡ ቀጥሎ ትልቁን ገንዘቡን የሚያፈስበት ሱቁና መጋዘኑ ነው። ሸቀጥ ዋጋው ቢወድቅ በኪሳራም ቢሆን ተሽጦ ወደ ገንዘብ ይመለሳል፤ ሕንፃ ግን ከቆመበት ተነቅሎ ወደ ሌላ ገበያ አይጫንም። ነገሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ የብዙ ሰው ልማድ ሲመረመር፣ አንድ ኩንታል ስኳር ሲረከብ ሚዛኑን ሁለት ጊዜ የሚመለከተው ነጋዴ፣ ሱቁን ሲያሠራ የመንገዱ ወሰን የት ላይ እንደሚያልፍ ሳይጠይቅ መሠረት ያስቆፍራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ስለዚሁ ወሰን ማስረዳት ነው፤ ይኸውም የከተማ ፕላንና የሕንፃ ሥራ ቁጥጥር ለነጋዴው ምን እንደሚያስከፍሉትና ምን እንደሚያተርፉለት፣ የምሥራቅ ጐጃምን ሁለት ከተሞች፣ ቢቸናንና ሞጣን መሠረት በማድረግ ይተነትናል።

ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ደጋ ላይ የተቀመጡ ናቸው። ከደጀን ተነሥቶ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ በመጀመሪያ ቢቸናን፣ ቀጥሎም ሞጣን ያገኛል። ቢቸና የእነማይ ወረዳ ዋና ከተማና የታወቀ የጤፍ አገር ገበያ ነው። ሞጣ በሁለት እጁ እነሴ ወረዳ የተከበበ ሲሆን፣ በዐፄ ፋሲል ዘመን በዐባይ ላይ የተሠራው፣ በኋላም ተሰብሮ ሰባራ ድልድይ የተባለው መሻገሪያ ከእርሱ ብዙ ስለማይርቅ፣ በጐጃምና በበጌምድር መካከል የሚመላለሰው ሲራራ ነጋዴ መተላለፊያ ሆኖ ኖሯል። በዘውዱ ዘመን ሁለቱም የየራሳቸው አውራጃ ዋና ከተሞች ነበሩ። አስተዳደግን በተመለከተ ግን እንደ አብዛኛው የደጋ ከተማ ናቸው፤ ሱቅ ሁሉ ፊቱን ወደ አውራ ጎዳናው አዙሮ ይቆማል፣ ጎዳናውም መንገድና ገበያ፣ የመኪና ማቆሚያና የዕቃ ማራገፊያ ይሆናል። የነጋዴው ጥቅምም አደጋም ያለው ከዚሁ ላይ ነው።

የከተማ ፕላን ማለት በአጭሩ፣ ከተማው ሳይሰፋ በፊት የትኛው ቦታ መንገድ፣ የትኛው ገበያ፣ የትኛው መኖሪያ፣ የትኛው መጋዘንና ፋብሪካ፣ የትኛውስ የውሃ መውረጃ እንደሚሆን አስቀድሞ በካርታ ላይ መወሰን ነው። የሕንፃ ሥራ ቁጥጥር ደግሞ ይህ ውሳኔ በወረቀት ብቻ እንዳይቀር፣ እያንዳንዱ ሠሪ ከወሰኑ ሳያልፍ፣ በሚጸና መሠረት ላይ፣ ጎረቤቱንም ሳይጎዳ እንዲሠራ የሚያስገድድ ሥርዓት ነው።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገባል። ግንባሩ 6 ሜትር፣ ጥልቀቱ 12 ሜትር የሆነ ሱቅ በመንገድ ዳር ቆሟል እንበል፤ ጠቅላላ ስፋቱ 72 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መንገዱ ሲሰፋ የሱቁ ግንባር 3 ሜትር ያህል በመንገዱ ወሰን ውስጥ ገብቶ ተገኘ። በሒሳብ የሚጠፋው 18 ካሬ ሜትር፣ ማለትም የጠቅላላው ሩብ ነው። ባለሱቁ የሚከስረው ግን ሩቡን ብቻ አይደለም። የሚፈርሰው ግንባር በሩ፣ መስኮቱ፣ የዕቃ ማሳያው፣ የመብራት ቆጣሪውና ደንበኛው ከዝናብ የሚጠለልበት በረንዳ ያሉበት ክፍል ነው። ቤቱ በኮንክሪት የተሠራ ከሆነም የፊተኛው ተራ ዓምድ ሲነሣ ጣሪያውን የተሸከመው አግዳሚ ማረፊያ ያጣል፤ ስለዚህ ሦስት ሜትር ለማንሣት ሲባል የቀረውን ክፍል እንደገና ማቆም ግድ ይሆናል። በዚህም ላይ ሱቁ ተዘግቶ የሚቆይባቸው ወራት፣ የባንክ ብድር ወለድና ወደ ጎረቤት ሱቅ የለመደው ደንበኛ ሲታሰቡ ኪሳራው ከሕንፃው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ይኸው ሰው ከመጀመሪያው ሦስት ሜትር ወደ ኋላ ሸሽቶ ሠርቶ ቢሆን ኖሮ፣ መንገዱ እስኪመጣ ድረስ ያን ባዶ ቦታ የዕቃ ማራገፊያ አድርጎ በተጠቀመበት ነበር።

ካሳ ይከፈለኛል ብሎ መተማመንም አያዋጣም። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ይዞታ ስለሚለቀቅበት ሁኔታ በ1997 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 455ም ሆነ በ2011 ዓ.ም. እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161 ካሳን ያያያዙት ከሕጋዊ ይዞታ ጋር ነው። ከወሰን አልፎ ያለ ፈቃድ የተገነባ ግድግዳ ቢፈርስ ባለቤቱ የሚጠይቅበት መሠረት የለውም፤ እንዲያውም የማፍረሻው ወጪ በራሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል።

ባሕር ዳርና አዲስ አበባ

የሞጣ ነጋዴ ይህን ለመማር ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያሻውም፤ በመንገዱ ጫፍ ያለችው ባሕር ዳር ትበቃዋለች። በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ባሕር ዳር ከጣና ዳር የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ነበረች። በ1953 ዓ.ም. የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሥራ ጀመረ፤ ጥቂት ቆይቶም የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤቱና የጢስ ዐባይ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ተከተሉ። በዚያው ዘመን ጀርመናውያን ፕላን አውጪዎች ተጠርተው ለከተማዋ ሰፊ ፕላን አዘጋጁ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ዋና ከተማቸውን ከአዲስ አበባ ወደዚያ ለማዛወር ያስባሉ እየተባለም ይነገር ነበር። ዋና ከተማነቱ ሐሳብ ብቻ ሆኖ ቀረ፤ ፕላኑ ግን ቀረላት። ዛሬ እንግዳ ሁሉ የሚያደንቃቸው ባለ ዘንባባ ሰፋፊ ጎዳናዎች፣ ሕንፃ ሳይቆምባቸው በፊት መንገድነታቸው ተወስኖ የተያዙ ስለሆኑ ነው ሰፍተው የተገኙት። በዚያን ጊዜ ባዶ ሜዳ ላይ ችካል መትከል ያስወጣ የነበረው የቀያሽ ደመወዝና የእንጨት ዋጋ ብቻ ነበር።

አዲስ አበባ በሌላ አኳኋን አደገች። በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ መኳንንቱ በየጉብታው ላይ ሰፈሩ፤ የሠራዊታቸውና የአሽከሮቻቸው ጎጆም በየሰፈራቸው ዙሪያ ተተከለ፤ ሰፈር የሚለው ስም እስከ ዛሬ የቀረውም ከዚሁ የተነሣ ነው። ዋናው ገበያ በአራዳ፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነበር። ፋሺስት ኢጣልያ ከተማዋን በያዘ ጊዜ አገሬውን ከአውሮፓውያን ለመለየት ባወጣው ፕላን ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛወረው፤ መርካቶ የተባለው ይህ ነው። የፕላኑ ዓላማ ክፉ መሆኑ አያከራክርም፤ የንግድ ተማሪ ሊያስተውለው የሚገባው ግን በአንድ የካርታ መስመር የአንድ ከተማ ንግድ ከአንዱ ኮረብታ ወደ ሌላው ሊዛወር መቻሉን ነው።

ከነፃነት በኋላ ለአዲስ አበባ ፕላን አልጠፋላትም። በ1940ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ለሎንዶን ፕላን ያወጡት እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ መጡ፤ ከእርሳቸው በኋላ ቦልተን ሄነሲ የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት፣ ቀጥሎም ፈረንሳዊው ደ ማሪያን ሥራውን ቀጠሉ። በ1978 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያንና ኢጣልያውያን ባለሙያዎች በኅብረት ያዘጋጁት ፕላን ተጠናቀቀ፤ በ1995 እና በ2009 ዓ.ም. ደግሞ ሌሎች ተተኩ። እንዲህ ፕላን በፕላን ላይ ሲደራረብ የቆየው፣ አንዱ ተነድፎ ሳይፈጸም ከተማው ቀድሞት ስለሚሄድ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ በቀን የከለከለው ቤት በሌሊት ተሠርቶ ያድራል፤ ሕዝቡም የጨረቃ ቤት ብሎ ሰየመው። መንገድ የሚያልፍበት ሁሉ ቤት ቆሞበት ስለሚገኝ እያንዳንዱ የመንገድ ሥራ የማፍረስ ሥራ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት በፒያሳና በሌሎችም አካባቢዎች ብዙ የንግድ ቤቶችና መኖሪያዎች ሲነሡ የታየው፣ በመቶ ዓመት ውስጥ ያልተከፈለ ዕዳ በአንድ ጊዜ ሲጠየቅ ምን እንደሚመስል ነው። ከተማው ተዋበ የሚለውና ኑሮዬ ፈረሰ የሚለው ሁለቱም እውነት ሊናገሩ ይችላሉ፤ ዘግይቶ የመጣ ፕላን የሚያስወጣው ዋጋ ገንዘብ ብቻ አይደለምና።

የውጭው ዓለም ታሪክም ከዚህ አይለይም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1666 ሎንዶን በእሳት በጋየች ጊዜ ሰር ክሪስቶፈር ሬን ሰፋፊ ጎዳናዎች ያሉት አዲስ ፕላን ለንጉሡ አቅርቦ ነበር። ባለቤቶቹ ግን ፕላኑ እስኪወሰን ሱቃቸውን ዘግተው ለመቀመጥ ስላልቻሉ በየድሮ ወሰናቸው ላይ መሥራት ፈለጉ፤ የሬን ፕላንም ቀረ። የጸናው በተከታዩ ዓመት የወጣው የሕንፃ ሕግ ነው፤ ግድግዳ በጡብ ወይም በድንጋይ እንዲሆን፣ የቤቱም ከፍታ ከመንገዱ ስፋት ጋር እንዲመጣጠን አዘዘ። ነጋዴ መጠበቅ አይችልም፤ የፕላን ሰዎች ይህን ሊዘነጉት አይገባም።

ሕጉ ከየት ወዴት እንደ መጣ

በኢትዮጵያ የማዘጋጃ ቤት ሥልጣን በሕግ የተደነገገው በ1937 ዓ.ም. በወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ለመኖሪያ ቤት መሥሪያ ለአንድ ቤተ ሰብ የሚፈቀደውም ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ። ኪራያቸው አነስተኛ የነበረው ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ከዚያ ወዲህ የከተማ ነጋዴ የሚገዛውና የሚሸጠው መሬት ሳይሆን በመሬት ላይ ያለውን መብት ነው፤ መብቱም የሚታወቀው በወረቀት ነው። የሊዝ ሥርዓት በ1986 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 80 ተጀመረ፤ በ1994 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 272፣ ከዚያም በ2004 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 721 ተለወጠ። ይህ የመጨረሻው አዋጅ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉት ከተሞች ለንግድ ሥራ የሚሰጠውን የሊዝ ዘመን እስከ 70 ዓመት አድርጎ ነበር። ሰባ ዓመት ለሚቆይ መብት ሰባት ቀን አጥንቶ መግባት ብዙ አይደለም።

ለነጋዴው ከሁሉ የሚጠቅሙት ግን ሁለት አዋጆች ናቸው። የመጀመሪያው በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ነው። ይህ አዋጅ የከተማን ፕላን በሁለት ደረጃ ከፈለው፤ መዋቅራዊ ፕላን የጠቅላላውን ከተማ የመሬት አጠቃቀምና ዋና ዋና መንገዶች ያሳያል፣ የአካባቢ ልማት ፕላን ደግሞ አንዱን ሰፈር ለይቶ ዝርዝሩን ይወስናል። ፕላን ሲዘጋጅ ነዋሪው እንዲሳተፍበትም አዘዘ። ሁለተኛው በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሲሆን፣ ከ10,000 በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች እንዲሠራበት የታሰበ ነበር፤ ቢቸናና ሞጣም በዚህ ልክ ውስጥ ይገባሉ።

አዋጅ ቁጥር 624 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ አስቀመጠ። ምድብ «ሀ» በሁለት የኮንክሪት፣ የብረት ወይም ሌላ ተሸካሚ አካላት መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ፣ አንድ ወለል ብቻ ያለው ሕንፃ ነበር፤ የመንገድ ዳር ሱቅ አብዛኛው ከዚህ ይመደብ ነበር። ርቀቱ ከ7 ሜትር የሚበልጥ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ወለል ያለው ሕንፃ ምድብ «ለ» ይሆን ነበር። ሕዝብ የሚሰበሰብበት ሕንፃ፣ ፋብሪካ፣ የሥራ ማምረቻ ቤትና ከመሬት በላይ ከ12 ሜትር የሚረዝም ሁሉ ምድብ «ሐ» ነበር። የምድቡ ጥቅም ለትንሹ ሱቅ የሚጠየቀው ወረቀት ለትልቁ ሕንፃ ከሚጠየቀው ጋር እንዳይመሳሰል ነው። ስለዚህ ዛሬ አንድ ወለል ሠርቶ ነገ ፎቅ ለመጨመር የሚያስብ ነጋዴ ከመጀመሪያው ይህን ማስታወቅ አለበት፤ ለምድር ቤት ብቻ የተቆፈረ መሠረት ፎቅ አይሸከምም፣ ፈቃዱም አይበቃውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሠሪው አስቀድሞ የፕላን ስምምነት ይጠይቃል፤ በዚህ ወረቀት ቦታው ለንግድ የተመደበ መሆኑ፣ የመንገዱ ስፋትና ሕንፃው ከወሰኑ ምን ያህል ሸሽቶ እንደሚቆም ይገለጽለታል። ቀጥሎ ንድፉን አሠርቶ የግንባታ ፈቃድ ያወጣል። ፈቃዱን የሚሰጠው የሕንፃ ሹም ይባላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የመጀመሪያውን ዘልሎ ወደ ሁለተኛው ለመሄድ ሲቸኩል ነው፤ ንድፉ ተሠርቶ፣ ገንዘቡ ተከፍሎ፣ ብረቱም ተገዝቶ ካለቀ በኋላ ቦታው ለአረንጓዴ ሜዳ የተያዘ ሆኖ ይገኛል።

ስለ ገመድ

በዚህ አገር የመለኪያ ገመድ መጠራጠር መነሻ አለው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ የጐጃም ገበሬ በተለይም በሞጣና በቢቸና አውራጃዎች መሬቴ ተለክቶ ርስቴ ይወሰዳል ብሎ ሰጋ፤ ስጋቱም ወደ ዐመፅ አደረሰው። መንግሥት በመጨረሻ ጠቅላይ ገዢውን አንሥቶ ግብሩን እስከ መተው ደርሷል። ይህ ታሪክ የዛሬውን ቀያሽ አይመለከትም ሊባል ይቻል ይሆናል፤ ነገር ግን ችካል ተሸክሞ ወደ ገበያ ሰፈር የሚመጣ ሰው ለምን እንደመጣ አስቀድሞ ካልተናገረ፣ ችካሉ በሌሊት ቢነቀል ሊደነቅ አይገባውም።

በከተማ ግን ነገሩ ተገልብጦ ይገኛል። ያልተለካ ሱቅ የሚጎዳው ራሱን ባለሱቁን ነው። ባንክ ካርታ የሌለውን ቤት በመያዣነት አይቀበልም፤ አስመጪው ዕቃ ለማስመጣት የሚያስፈልገውን ብድር የሚያገኘውም በዚያው ካርታ ነው። ወራሾች ቢከፋፈሉ ወይም ሱቁ ቢሸጥ ያልታወቀ ወሰን ለክርክር በር ይከፍታል። በክልሉ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ግጭት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ ከበፊቱ ይበልጥ አሳሳቢ ሆኗል፤ መሥሪያ ቤት በተዘጋበት ሳምንት ተጀምሮ የተፈጸመ ግንባታ፣ ሰላም ሲመጣ በማን ፈቃድ ተሠራ መባሉ አይቀርምና።

አፈሩና መሠረቱ

የሕንፃ ቁጥጥር የወሰን ነገር ብቻ ተደርጎ መቆጠሩ ስሕተት ነው፤ ለቢቸና ነጋዴ ከወሰኑ ይልቅ አፈሩ ያስፈራል። በቢቸና ዙሪያ በሰፊው የሚገኘው መረሬ ወይም ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር ለጤፍ የተስማማ ነው፤ ለሕንፃ ግን ክፉ ጎረቤት ነው። ይህ አፈር በክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ በበጋ ሲደርቅ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። በላዩ የቆመው ቤት በክረምት ከፍ፣ በበጋ ዝቅ ይላል፤ ያውም በሁሉም ማዕዘን እኩል አይደለም። በጣሪያው ክዳን ሥር ያለው አፈር ደረቅ ሆኖ ሲቀር ጠፈጠፍ የሚወርድበት ዳሩ ግን ይረጥባልና። ግድግዳው ስለዚህ ከበርና ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ ይሰነጠቃል፤ በር አልዘጋ ይላል፤ የሲሚንቶ ወለልም ከመካከሉ ይነሣል።

የቤቱ ባለቤት ስንጥቁን በጭቃ ወይም በጂፕሰም እየሞላ ለዓመታት ሊኖርበት ይችላል። መጋዘን ከሆነ ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። በተሰነጠቀ ወለል እርጥበት ሲወጣ ሲሚንቶ በከረጢቱ ውስጥ ይደርቃል፣ ጨው ይቀልጣል፣ ስኳር ይጋገራል፣ ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ባቄላና ሽምብራም ሻግቶ ከጥራት ደረጃ ይወርዳል። ላኪው ጭነቱ በተመለሰበት ጊዜ ጥፋቱን በገዢው ወይም በሹፌሩ ላይ ይፈልገው ይሆናል፤ ጥፋቱ ግን ከሦስት ዓመት በፊት መሠረት ሲቆፈር የተፈጸመ ነው።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። መሠረቱ ጥቁሩን አፈር አልፎ ጠንካራ መሬት ላይ እስኪያርፍ መቆፈር፤ ጥቁሩ አፈር ጥልቅ ከሆነም የተወሰነውን አንሥቶ በማያብጥ የተመረጠ አፈርና በድንጋይ መተካትና እየረገጡ መሙላት፤ የጣሪያውን ውሃ በአሸንዳ ሰብስቦ ከመሠረቱ አርቆ ወደ ቦይ መልቀቅ፤ በቤቱም ዙሪያ ውሃ የማያስገባ ንጣፍ ማድረግ ነው። ከቤቱ ግድግዳ ሥር የአትክልት መደብ እየሠሩ ውሃ ማጠጣት ደግሞ በመረሬ ላይ ፈጽሞ መቅረት ያለበት ልማድ ነው። በሞጣ በኩል ያለው ቀይ አፈር ከዚህ የተሻለ ነው፤ በዚያም ቢሆን ተዳፋት ላይ ለሚሠራ ሰው የጎርፉ ጉዳይ አለ። የከተማው የውሃ ቦይ በሱቅ በረንዳ ተሸፍኖ በጥራጊ ሲደፈን ውሃው የሚገባው ሸፋኙ ሱቅ ውስጥ ሳይሆን ከታች ያለው ጎረቤት ሱቅ ውስጥ ነው። የሕንፃ ሹሙ ቦይ ላይ የተሠራ በረንዳ እንዲነሣ ሲያዝ ብዙ ጊዜ እንደ ክፉ ሰው የሚታየውም ጉዳቱ የሚደርሰው በሌላ ሰው ላይ ስለሆነ ነው።

ስለ እሳት

የገበያ ሰፈር ሱቆች በአንድ ግድግዳ ተያይዘው፣ በአንድ የባሕር ዛፍ ጣሪያ ተጋጥመው የሚሠሩበት ልማድ ዋጋ ይቀንሳል፤ ነገር ግን የአንዱን እሳት የሁሉ ያደርገዋል። በአንደኛው ሱቅ ቀለምና ቤንዚን፣ በሁለተኛው አቡጀዴና ብርድ ልብስ፣ በሦስተኛው የምግብ ዘይት ሲከማች ጣሪያው እሳቱን ከአንዱ ወደ አንዱ የሚያሻግር ድልድይ ይሆናል። በየጥቂት ሱቆች መካከል በድንጋይ ወይም በብሎኬት የተሠራ፣ ከጣሪያው ክዳን በላይ ብቅ የሚል ግድግዳ ቢቆም እሳቱን ሰው እስኪደርስለት ሊያዘገየው ይችላል። ወጪውን ባለሱቆቹ ቢካፈሉት ለአንዱ የሚደርሰው ድርሻ ጥቂት ነው። የእሳት አደጋ መኪና የሚገባበት መተላለፊያ በዕቃ አለመዘጋቱም ከዚሁ የማይለይ ጉዳይ ነው።

በታኅሣሥ ወር 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶችና የሙስሊም ነጋዴዎች ንግድ ቤቶች በእሳት መውደማቸው ይታወሳል። ያ የሰው እጅ ያደረገው ጥፋት ነውና ፕላን አይመልሰውም፤ የሚጠየቀውም በፍርድ ቤት ነው። ለነጋዴ ግን ሁለት ነገር ያስገነዝባል። አንደኛ፣ በተለመደው የእሳት ዋስትና ውል በሁከት የሚደርስ ጉዳት ተለይቶ ካልተጨመረ በቀር ብዙ ጊዜ አይሸፈንም፤ ስለዚህ ውሉን ማንበብ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ የሱቁ ካርታ፣ ፈቃድና ንድፍ በሱቁ ውስጥ ብቻ ከተቀመጡ ከሱቁ ጋር ይቃጠላሉ።

መናኸሪያና መጋዘን

ፕላን የነጋዴን ገቢ በቀጥታ የሚነካው የመኪና መናኸሪያ ወይም የገበያ ሜዳ ከመካከል ወደ ዳር ሲወጣ ነው። ተሳፋሪው ከሚወርድበት አጠገብ ያለው ሻይ ቤትና የሸቀጥ ሱቅ የሚሸጠው በሸቀጡ ጥሩነት ብቻ ሳይሆን በእግረኛው ብዛት ነውና፣ መናኸሪያው በሄደ በወሩ የሱቁ ኪራይ ዋጋ ይወድቃል። ይህ ግን የሚታየው ፕላኑ ገና በረቂቅ ሳለ ነው። ረቂቁ ለውይይት በሚቀርብበት ቀን ከአዳራሹ የሚቀረው ነጋዴ፣ በኋላ አቤቱታ ሲጽፍ ጊዜው አልፎበት ያገኘዋል። የንግድ ማኅበራት ለእንዲህ ያለው ስብሰባ ወኪል መድበው ቢልኩ፣ በየዓመቱ ስለ ግብር ከሚያቀርቡት ልመና ያልተናነሰ ጥቅም ያገኙበታል።

መጋዘንን በሚመለከት ደግሞ ነጋዴው ራሱ ከመካከል መውጣቱን ሊወደው ይገባል። ተሳቢ ያለው ከባድ መኪና በጠባብ የገበያ መንገድ ገብቶ አይዞርም፤ ወደ ኋላ ሲመለስ የሰው አጥር ይገጫል፣ ግማሽ ቀን መንገዱን ዘግቶ ይውላል፣ የጫኝና አውራጅ ዋጋም በዚያው መጠን ይጨምራል። በከተማው መግቢያ ላይ ሰፊ ግቢ ያለው መጋዘን ይዞ፣ ለመካከሉ ሱቅ በትንሽ መኪና በየቀኑ ማቅረብ የተሻለ መሆኑን በትልልቆቹ ከተሞች ያሉ አስመጪዎች ካዩት ቆይተዋል።

ማዘጋጃ ቤቱስ

እስካሁን የተነገረው በነጋዴው ላይ ያለውን ግዴታ ያመዝናል፤ ማዘጋጃ ቤትም የሚወቀስበት አለው። ፕላን በመሳቢያ ተቆልፎ ባለጉዳይ ሲመጣ ብቻ ተገልጦ ወዲያው የሚታጠፍ ከሆነ፣ ወሰን አለፍህ ተብሎ የሚከሰሰው ሰው ያላየውን ነገር ጥሷል ማለት ነው። የፕላኑ ትልቅ ቅጂ በማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል፣ የዋና ዋና መንገዶችም ወሰን በሲሚንቶ ችካል ቢታወቅ፣ ከብዙ የማፍረሻ ትእዛዝ ይልቅ ይጠቅማል። ፈቃድ ለማግኘት ወራት የሚፈጅ ከሆነም የጨረቃ ቤት የሚበዛው በሕዝቡ ሕገ ወጥነት ብቻ አይደለም፤ ነጋዴ የግንባታ ወራቱ ከጥቅምት እስከ ግንቦት መሆኑን ያውቃልና በየካቲት ያመለከተ ሰው መልሱን በሰኔ ቢያገኝ ምንም አልተደረገለትም። ከሁሉ የሚከፋው ለትንሹ ባለሱቅ የሚጠነክረው ወሰን ለባለ ፎቁ ሲላላ ነው። አንድ ጊዜ ይህ ከታየ በኋላ የሕንፃ ሹሙ ቃል ማንንም አያሳምንም።

ለትንሽ ሱቅ ከዐቅሙ በላይ መጠየቅም ተገቢ አይደለም። በድንጋይ መሠረት ላይ የቆመ፣ ጣሪያው በደንብ የታሰረ፣ ግድግዳው በሲሚንቶ የተለሰነ የእንጨትና የጭቃ ቤት በወሰኑ ውስጥ እስካለ ድረስ ለብዙ ዘመን የሚያገለግል ሱቅ ነው። ኮንክሪት ካልሆነ አይፈቀድም የሚለው አሠራር ጥቂት ፎቅ ያስገኝ ይሆናል፤ ብዙውን ባለሱቅ ግን ወደ መንገድ ዳር ሸራ ያወጣዋል።

ስለ ተከራዮች

በቢቸናም ሆነ በሞጣ በሌላ ሰው ቤት ወይም በመንግሥት ቤት የሚነግደው ተከራይ ብዙ ነው፤ ፕላን የባለቤቱ ጉዳይ ነው ብሎ የሚተወውም እርሱ ነው። የአንድ ወይም የሁለት ዓመት ኪራይ አስቀድሞ የሚከፍል፣ መደርደሪያና ማቀዝቀዣ የሚያስገባ፣ ወለል የሚያነጥፍ ተከራይ ግን በዚያ ሱቅ ላይ ገንዘብ አፍስሷል። ቤቱ ለመንገድ ሲነሣ የሕንፃው ካሳ ቢኖር ለባለቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ ተከራይ ውል ከመፈረሙ በፊት የባለቤቱን ካርታና የግንባታ ፈቃድ ማየት፣ ካርታውንም ይዞ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ በዚያ መንገድ ላይ የታሰበ ማስፋፊያ መኖሩን መጠየቅ አለበት። በውሉም ውስጥ ሱቁ በፕላን ምክንያት በሙሉ ወይም በከፊል ቢነሣ ያልተቈጠረው ወር ኪራይ እንዲመለስ፣ ተከራዩም ያስገባውን ዕቃ ነቅሎ ለመውሰድ በቂ ቀን እንዲሰጠው በግልጽ ማስጻፍ ይገባል። ይህ አንቀጽ ሲጠየቅ ፊቱን የሚያጠቁር አከራይ ቢገኝ፣ ተከራዩ ቀብድ ከመስጠቱ በፊት የሱቁን ግንባር ከመንገዱ መካከል ጀምሮ በሜትር ለክቶ፣ ቁጥሩን ከፕላኑ ጋር ያስተያይ።